ለበዓል ስጦታ መበደር ያቆምንበት ዓመት

ታናሽ እህቴ በበዓል ቀን የሰጠችኝ የቆዳ ቦርሳ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ ሳይነሣ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ሰባት ወር ተቀምጧል። ቦርሳው ያምራል፣ ስፌቱም የሚያስመሰግን ነው፤ ይሁን እንጂ እኔ በየቀኑ ላፕቶፕና የወረቀት ክምር ተሸክሜ የምወጣ ሰው ነኝና ከስልክና ከቁልፍ በቀር የሚይዝልኝ ነገር አልነበረም። በስምንተኛው ወር እህቴ ደውላ ጥቂት ገንዘብ እንዳበድራት ጠየቀችኝ። ገንዘብ የማታባክን ሰው ስለሆነች ምን እንደገጠማት ደጋግሜ ብጠይቃት መጀመሪያ ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ በኋላ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እታለም፣ የበዓሉን ዕዳ ገና አልጨረስኩም እኮ» አለችኝ። እኔም በዚያው ሰዓት ለእርሷ የገዛሁላትን የጆሮ ማዳመጫ ክፍያ በየወሩ እየከፈልኩ ነበር። ማዳመጫውን ስንት ጊዜ እንደተጠቀመችበት ስጠይቃት ጆሮዋን ስለሚያማት ለልጇ እንደሰጠችው ነገረችኝ። ሁለታችንም ተበድረን አንዳችን ለሌላችን የማይሆን ዕቃ ገዝተን፣ ለዓመት የሚዘልቅ ዕዳ ተሸክመን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት በዓላት አልፈዋል፤ ከሦስቱ ለአንዱም አልተበደርኩም። በእነዚህ ዓመታት የሠራልንንም ያልሠራልንንም እዚህ የማሰፍረው ተመሳሳይ ችግር ውስጥ ያለ ሰው ከእኛ ስሕተት ጥቂቱን እንዲያልፍ በማሰብ ነው።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ያለፈውን በዓል ወጪ ከደረሰኞችና ከባንክ መግለጫ እየለቀምኩ በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ ነበር። ገንዘቡ ለማን እንደወጣ ብቻ ሳይሆን መቼና ለምን እንደወጣም አብሬ ጻፍኩ። ውጤቱ አሳፈረኝ። አስቀድሜ ላሰብኩላቸው ሰዎች ያወጣሁት ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። የቀረው ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት የወጣ ነበር፤ «ለአንዷ ይህን ገዝቼ ለሌላዋ ያንን ብቻ ብሰጥ ምን ትለኛለች» በሚል የተጨመረ ማመጣጠኛ፣ ዝርዝሬ ውስጥ ላልነበረ ነገር ግን ስጦታ ይዞ ይመጣል ብዬ ለሠጋሁት ሰው የተገዛ መጠባበቂያ፣ ዘግይቶ በመላኩ ምክንያት የተከፈለ የፈጣን መልእክት ዋጋ፣ እንዲሁም የመጠቅለያ ወረቀትና ሪባን። ከወጪው ግማሽ የሚጠጋውን ያስወጣኝ ፍቅር ሳይሆን ይሉኝታና ጥድፊያ መሆኑን ከራሴ የእጅ ጽሑፍ አነበብኩ።

በዚህ ላይ ወለዱ አለ። ብዙ ሰው ወለድን በወር በወር ስለሚያየው ትንሽ ይመስለዋል፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። በወር 2 በመቶ የሚታሰብበት፣ በ12 ወር እኩል ክፍያ የሚመለስ ብድር በእያንዳንዱ 100 ላይ 13 ተኩል ገደማ ያስከፍላል። በሌላ አነጋገር ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸውን 8 ስጦታዎች በእንዲህ ያለ ብድር የገዛ ሰው የ9ኛውን ስጦታ ዋጋ ለአበዳሪው ያበረክታል። ይህን ስሌት ለባለቤቴ ባሳየሁት ጊዜ፣ «ታዲያ አበዳሪውንም በስም ዝርዝሩ ውስጥ አስገቢው» ብሎ ሣቀብኝ።

ከሁሉም የከበደኝ ነገሩን ለቤተሰቡ ማንሣት ነበር። ስለ ስጦታ ዋጋ መነጋገር ስስት ያስመስላል፤ ስለዚህ ሁሉም በየፊናው እየተቸገረ ዝም ይላል። እኔ የተረዳሁት ይህ ውይይት ጊዜ እንደሚፈልግ ነው፤ በበዓሉ ሳምንት ከተነሣ ገዝቶ የጨረሰውን ሰው ያስቀይማል፣ በዓሉ ካለፈ በማግሥቱ ከተነሣ ደግሞ የተቀበሉትን ስጦታ እንደ መንቀፍ ይቆጠራል። በዓሉ አራት ወር ሲቀረው አስቀድሜ ለእናቴ ለብቻዋ ነገርኳት፤ እርሷ ከተቀበለችው ሌላው እንደማይቃወም አውቅ ነበር። የእህቴን ምሥጢር አላወጣሁም። የተናገርኩት ስለ ራሴ ዕዳ ብቻ ነው፤ «ባለፈው በዓል ከአቅሜ በላይ ወጥቼ እስካሁን እየከፈልኩ ነው፤ ዘንድሮ እንዲህ ማድረግ አልችልም» አልኳት። እናቴም ብዙ አላሰበችም፤ «ልጄ፣ እኔ እኮ ከሰጣችሁኝ ውስጥ ግማሹን ገና ከካርቶኑ አላወጣሁትም» ብላ ነገሩን አቀለለችልኝ።

ሁላችንም በተሰበሰብንበት ጊዜ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድማችን ፊቱን አጠቆረና፣ «ለገዛ እናቴ ስጦታ ለመግዛት የእናንተን ፈቃድ ልጠይቅ ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ እስከዛሬ ትዝ ይለኛል። ዝምታውን የሰበረችው የሌላው ወንድሜ ሚስት ነበረች፤ ከተጋባች ጀምሮ በዓል ሲቃረብ እንቅልፍ እንደምታጣ፣ ለባሏ ዘመዶች የምትሰጠው አንሶ እንዳይታይባት ስትል የራሷን ልብስ መግዛት እንዳቆመች በተረጋጋ ድምፅ ተናገረች። በትዳር ወደ ቤተሰብ የገቡ ሰዎች ሸክም የሚብሰው በእነርሱ ላይ መሆኑን እኛ በቤቱ የተወለድነው አላስተዋልንም ነበር። ከእርሷ ንግግር በኋላ ክርክሩ አለቀ ባይባልም አቅጣጫው ተለወጠ።

የዋጋውን ጣሪያ ለመወሰን የተጠቀምንበትን ዘዴ ግን ለማንም ቤተሰብ አሳስባለሁ። እያንዳንዱ አዋቂ ለአንድ ስጦታ ሳይጨነቅ ሊያወጣ የሚችለውን መጠን ስሙን ሳይጽፍ በቁራጭ ወረቀት ላይ አስፍሮ በሳህን ውስጥ አስቀመጠ። የወረቀቶቹን አማካይ አልወሰድንም፤ አማካይ ቢወሰድ በዚያ ዓመት ሥራ ያጣ ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቤት ከአቅሙ በላይ እንዲያወጣ ይገደዳል። የወሰድነው ዝቅተኛውን ቁጥር ነው። ዝቅተኛውን የጻፈው ማን እንደሆነ እስካሁን አናውቅም፤ እኔ እህቴ ትሆናለች ብዬ ጠርጥሬ ነበር፣ እርሷ ግን እኔ የመሰልኳት ሆኖ ተገኘ።

እኛ አራት እህትና ወንድማማቾች ከአራት የትዳር አጋሮች ጋር 8 አዋቂዎች ነን። እያንዳንዳችን ለቀሩት 7 ስጦታ ስንገዛ 56 ስጦታዎች ይገዛሉ ማለት ነው፤ ሰባቱን ልጆችና ወላጆቻችንን ሳንቆጥር። ዕጣ ከተጣለና እያንዳንዱ ለአንድ ሰው ብቻ ከገዛ ቁጥሩ ወደ 8 ይወርዳል። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የሚያስቀር ሌላ ዘዴ አላገኘሁም፤ ከዚህ በታች የምጽፋቸው ሁሉ ከዚህ አንጻር ጥቃቅን ናቸው። ዕጣው ራሱ ግን መጀመሪያ አስቸግሮን ነበር። ስሞቹን በኮፍያ ውስጥ ጨምረን ስናወጣ አንዱ ወንድሜ የራሱን ስም አወጣ፤ ደገምነው፣ ሁለተኛ ጊዜ የእህቴ ባል የራሱን አወጣ። ነገሩ የዕድል ጉዳይ መስሎን ነበር፤ በኋላ ሳሰላው 8 ሰዎች እንዲህ ዕጣ ሲያወጡ ቢያንስ አንዱ የራሱን ስም የማግኘት ዕድሉ 63 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ዕጣው ውስጥ ለማይገባው ለአባታችን ሰጠነው። እርሱ ስምንቱን ወረቀቶች በጠረጴዛ ላይ በክብ ይደረድራል፣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን እንዳይሆኑ ያለያያል፣ ከዚያም ለእያንዳንዳችን በስተቀኝ ያለውን ሰው ስም በጆሮ ይነግረናል። ምሥጢሩን እስከ በዓሉ መጠበቅ ለእርሱ ትልቁ ደስታ ሆኗል። የወላጆቻችንን ስጦታ አራቱ ቤቶች አዋጥተን አንድ ላይ እንገዛለን።

የልጆቹን ነገር በተመለከተ ብዙ ተከራክረናል፤ «የልጆች ደስታ አይነካ» የሚል ነበርና። ሆኖም ሰባት ልጆች ከወላጆቻቸው፣ ከአያቶቻቸው፣ ከአጎቶቻቸውና ከአክስቶቻቸው የተቀበሉትን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲከፍቱ ያየ ሰው ሦስተኛው ሣጥን ከተከፈተ በኋላ የሚሆነውን ያውቀዋል፤ ልጁ አሻንጉሊቱን ሳያይ ወደ ቀጣዩ ወረቀት ይዘላል። በአሜሪካ በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 36 ሕፃናትን አንድ ጊዜ በ4፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻዎች እንዲጫወቱ አድርጎ ነበር፤ መጫወቻው ሲያንስ ሕፃናቱ በአንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜና በተለያየ መንገድ ተጫውተዋል። ይህን ባነብላቸው የታናሽ ወንድሜ ሚስት «ጥናት አያስፈልገውም፣ እኔ ቤት መጥተው ይዩ» አለች። አሁን እያንዳንዱ ልጅ አንድ ስጦታ ከወላጆቹ፣ አንድ ደግሞ ከአጎቶቹና ከአክስቶቹ በጋራ ይቀበላል። በጋራ ስለሚገዛ ብስክሌትን የመሰለ፣ አንድ ቤት ለብቻው የማይደፍረው ነገር እንኳ በየተራ እየተገዛላቸው ነው።

ምን እንደሚገዛ መወሰን ሌላው ጉዳይ ነው፤ በእኔ ልምድ አብዛኛው ገንዘብ የሚባክነው ውድ ዕቃ በመግዛት ሳይሆን የማይፈለግ ዕቃ በመግዛት ነው። ጆኤል ዋልድፎገል የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ተማሪዎችን የተቀበሉት የበዓል ስጦታ፣ የስሜት ዋጋው ወደ ጎን ተትቶ፣ ለእነርሱ ስንት እንደሚያወጣ ጠይቆ ነበር። የሰጡት ግምት ከመግዣው ዋጋ ከ10 በመቶ እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስሌቱን ሌሎች ምሁራን ቢከራከሩትም እኔ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ያለውን ቦርሳ አስቤ አመንኩት። የባሰ ያስገረመኝ ግን ፍራንሲስ ፍሊንና ጋብሪየል አዳምስ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው። ሰጪዎች ስጦታው ውድ በሆነ ቁጥር ተቀባዩ ይበልጥ የሚደሰት ይመስላቸዋል፤ በተቀባዮቹ በኩል ግን በዋጋውና በደስታቸው መጠን መካከል እንዲህ ያለ ግንኙነት አልታየም። በመጨረሻው ሳምንት «አነሰ» እያልኩ የጨመርኩት ሁሉ ለማን ሲባል እንደነበር ራሴን ጠየቅኩ።

የሰው ፍላጎት የሚሰማው በአዘቦት ቀን ነው። በስልኬ ላይ ለእያንዳንዱ የቤተሰቤ አባል አንድ ገጽ ከፍቻለሁ፤ ሰው ሲያማርር ወይም ሲቸገር ባየሁ ቁጥር ወዲያው እጽፋለሁ። አንድ ቀን እናቴ የማንበቢያ መነጽሯን ስትፈልግ ቤቱን ሁሉ አተራመሰችው፤ በኋላ መነጽሩ የተገኘው አንገቷ ላይ ነበር፣ በልብስ ስፌት ክር አስራ አንጠልጥላው። ክሩ ተበጥሶ ሁለት ቦታ ተቋጥሯል። በዚያ ዓመት ከተዋጣው ስጦታ ላይ ጠንካራ የመነጽር ማንጠልጠያና አልጋዋ ራስጌ የሚቆም አንድ የንባብ መብራት ጨመርንላት። ሁለቱ በአንድነት ከቀደመው ዓመት ስጦታዋ ሩቡን አያወጡም፤ ማንጠልጠያው ግን እስካሁን ከአንገቷ አልወረደም። ምንም ያልሰማሁለት ሰው ሲሆን ደግሞ በግልጽ እጠይቀዋለሁ፤ «ሦስት ነገር ንገረኝ፣ አንዱን እመርጣለሁ» እላለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ድንገተኛነቱም በከፊል ይጠበቃል። ቦርሳውንም በዚሁ ግልጽነት ለእህቴ መለስኩላት። በሣቅ ተቀበለችኝ፣ አሁን ሥራ የምትሄደው እርሱን ይዛ ነው።

የቁጠባው ዘዴ ቀላል ነው። የሰዎቹ ቁጥር በጣሪያው ይባዛል፤ ለመጠቅለያና ለመላኪያ አንድ አሥረኛ ይጨመራል፤ ድምሩ በዓሉ እስኪደርስ ላሉት ወራት ይካፈላል፤ ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ሌላ ወጪ ሳይቀድመው፣ የወሩ ድርሻ ወደተለየ ሒሳብ ይተላለፋል። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡን በፖስታ ውስጥ መሳቢያ ላይ አስቀምጬ ነበር፤ በአምስተኛው ወር የቤቱ ቧንቧ ሲፈነዳ ፖስታው ባዶ ሆነ፤ ከዚያም ሁለት ወር መሙላት አልቻልኩም። ገንዘቡ በቅርብ ካለ ለበዓል መሆኑ ይረሳል። ዘግይቶ የጀመረ ሰውም ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ ሦስት ወር ብቻ ከቀረው በሦስት ወር የሚጠራቀመውን ያህል ጣሪያውን ያውርድ እንጂ ጎደሎውን በብድር አይሙላ።

ስለ ዋጋ ቅናሽ ብዙ ተታልያለሁ። በዓሉ ሁለት ወር ሲቀረው ልገዛቸው ያሰብኳቸውን ዕቃዎች ዋጋ በደብተሬ ላይ ከነቀኑ መጻፍ የጀመርኩት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ በአንድ መደብር «30 በመቶ ቅናሽ» ተብሎ የተለጠፈበት የዝናብ ጃኬት ከሁለት ወር በፊት ይሸጥ የነበረው በዚያው በ«ቅናሹ» ዋጋ እንደነበር ደብተሩ አሳየኝ። የመደመሩም ነገር ያሳስታል፤ በ30 በመቶ ላይ ተጨማሪ 20 በመቶ ሲቀነስ ቅናሹ 50 ሳይሆን 44 በመቶ ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው የሚቀነሰው ከቀረው 70 ላይ ነው። «ሁለት ለገዛ ሦስተኛው በነጻ» የሚለው ደግሞ የሚጠቅመው ሦስት ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው፤ ሁለት ለሚበቃው ምንም አልቀነሰለትም፤ አንድ ለሚበቃው ደግሞ ወጪውን እጥፍ አድርጎበታል።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ዋጋ ሲወርድ ለቀጣዩ ዓመት መግዛት ጥሩ ነው ይባላል፤ እውነትነት አለው፣ ነገር ግን ሁለት ጊዜ አስከፍሎኛል። ለወንድሜ ልጅ አስቀድሜ የገዛሁለት ጫማ በዓሉ ሲደርስ በሁለት ቁጥር አነሰው፤ ልጆች እስኪሰጣቸው ድረስ አይጠብቁም፣ ያድጋሉ። በባትሪ የሚሠራ አንድ መጫወቻም ከሰባት ወር በኋላ ሲከፈት የማይሠራ ሆኖ ተገኘ፤ መደብሩ ዕቃ የሚመልስበት ቀን አልፎ ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን አስቀድሜ የምገዛው መጽሐፍን፣ የወጥ ቤት ዕቃን፣ ፎጣንና የመሳሰሉትን ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ያለበትን ዕቃ የገዛሁ ዕለት ከፍቼ እሞክረዋለሁ፤ ደረሰኙን በካርቶኑ ክዳን ውስጥ እለጥፋለሁ፤ የት እንደደበቅሁትም እጽፋለሁ፤ አንድ ሹራብ ለሁለት ዓመት ጠፍቶብኝ ነበርና።

በእጅ የተሠራ ስጦታ ሁልጊዜ ርካሽ ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። ለባለቤቴ ሻርፕ ልሠራ ክር ስገዛ የክሩ ዋጋ ከተሠራው ሻርፕ በልጧል፤ በዚያ ላይ ሻርፑ አላለቀም። ሙያው ላለውና መሣሪያው በእጁ ላለ ሰው ግን የተለየ ነው። በእኛ ቤት የተሳካው የአባታችንን የድሮ ፎቶግራፎች በስልክ አንስተን፣ ጀርባቸው ላይ ማን የት እንዳለ ራሱ እንዲነግረን አድርገን፣ አሳትመን ለአራቱም ቤቶች ማከፋፈላችን ነው። ጊዜን በስጦታ መስጠትም ይቻላል፣ ቀኑ ከተወሰነ። በአንድ ዓመት ሁላችንም «ልጅ እጠብቅልሃለሁ»፣ «ቤት አቀባልሃለሁ» የሚል ካርድ ሰጥተን አንዱም አልተፈጸመም፤ ለመጠየቅ ይሉኝታ ይይዛል። በቀጣዩ ዓመት እህቴ ዕጣው እኔ ላይ ወጥቶላት የሰጠችኝ ወረቀት ግን አራት የቅዳሜ ቀናትና ሰዓታት ተጽፈውበት ነበር፤ በአራቱም ቅዳሜ መጥታ ልጆቼን ወሰደች።

መጠቅለያን በተመለከተ የምለው ጥቂት ነው፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ትልቅ ጥቅልል ወረቀት ለሁሉም በዓል፣ ለልደትም ያገለግላል፤ የስጦታ ከረጢት ደግሞ በቤተሰባችን ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሩቅ ላለ ዘመድ የሚላክ ነገር ቀላልና የማይሰበር ከሆነ፣ ከበዓሉ ስድስት ሳምንት ቀድሞም ከተላከ የመላኪያው ዋጋ ከስጦታው አይበልጥም።

በሦስተኛው በዓል መጨረሻ ደብተሬን ስዘጋ ጠቅላላ ወጪዬ ከመጀመሪያው ዓመት 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ወለድ የሚለው መስመር ባዶ ነበር። እህቴም ዕዳዋን ጨርሳለች። በደንቡ እስካሁን ያልተስማማው ጋሼ ብቻ ነው፤ ዕጣው ከደረሰው ሰው ሌላ ለሁላችንም ካልገዛሁ ብሎ በየዓመቱ ይጨቃጨቀናል። ባለፈው በዓል ስምንት ተመሳሳይ ጥቅሎች ይዞ ገባ፤ ስንከፍታቸው ለእያንዳንዳችን አንድ ዓይነት ግራጫ ካልሲ፣ አንዱ ጥቅል ደግሞ ለራሱ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ደረሰኙን ከኪሱ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋና የስምንቱ ድምር ከጣሪያው በታች መሆኑን በጣቱ አሳየን።